ያለ ሟች የተተከለ ድንኳን

ወንበር የሚያከራይ ሰው፣ ሰውን የሚያውቀው ከወገብ በታች ነው። ሳቁ፣ ግድ የለም፤ እውነቴን ነው። ሰርግ የዋለ ወንበር ሲመለስ እግሩ ተወላግዶ፣ መደገፊያው ላይ ወጥ ደርቆበት፣ አንዳንዴም የእኔ ቀርቶ የሌላ አከራይ ወንበር ተተክቶ ነው። ለቅሶ የዋለ ወንበር ግን እንደ ሄደ ይመለሳል። ያዘነ ሰው አይወዛወዝም፤ ወንበር ላይ ቆሞም አይጨፍርም። ሃያ ዓመት ዲላ ላይ ድንኳንና ወንበር ሳከራይ የሰው ልጅ ለእኔ ሁለት ዓይነት ነበር፤ የሚሰብርና የማይሰብር። ሦስተኛ ዓይነት ተቀማጭ መኖሩን ያወቅሁት በአንዲት የግንቦት ቅዳሜ ነው። የዚያን ቀን ያየሁትን እስካሁን ለማመን እየታገልኩ ስለሆነ፣ ለእናንተም ላካፍላችሁና አብረን እንታገል።

ነገሩ የጀመረው ሁዳዴና ረመዳን ተያይዘው በገቡበት ሰሞን ነው። ይህ ለእኔ ብጤ ነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ኦርቶዶክሱ አያገባ፣ እኛ እስላሞቹ አናገባ። ፕሮቴስታንቶቹ ይጋባሉ፤ ግን አዳራሹም ወንበሩም የራሳቸው ነው። ወንበሮቼ ግቢ ውስጥ ተደራርበው ፀሐይ ሲሰነጥቃቸው እያየሁ ስተክዝ፣ ሜሮን የምትባል የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሩን ገፋ አድርጋ ገባች።

"ጋሼ፣ ኦፕን ማይክ ልንጀምር ነው" አለችኝ።

"ምንድነው እሱ ደግሞ?"

"ሰው እየመጣ ግጥም ያነባል፣ ወግ ያነባል፣ የተሰማውን ይናገራል። ስፖክን ወርድ ምናምን። ቫይቡን ብታየው ጋሼ!"

"ማን ይሰማቸዋል?"

"ኦዲየንስ አለ።"

ኦዲየንስ ማን እንደሆነ ባላውቅም፣ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ከሆነ ለእኔ ደንበኛ ነው። ደግሞም አሰብኩት፤ ዛሬ በነፃ የተቀመጠ ወጣት ነገ ሲያገባ ወንበሬ ትዝ ይለዋል። ስለዚህ ወንበሩንም ግቢዬንም ሰጠሁ። በየአስራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ቅዳሜ እንዲሆን ተስማማን። ችግሬ ግን ነጋዴ መሆኔ ነው፤ ግቢዬ ውስጥ የሚደረግ ነገር ዝም ብሎ አያስቀምጠኝም። በመጀመሪያው ቅዳሜ ወንበር ሰጪ ነበርኩ፣ በሁለተኛው ማይክራፎን ያዥ፣ በሦስተኛው ሜሮን ብድግ ብላ "የፕሮግራማችን መሪ" ብላ አስተዋወቀችኝ። ስድስተኛ ክፍል ያቋረጠ የሥነ ጽሑፍ መሪ! ባለቤቴ ሰሚራ ይህን ስትሰማ እጇን አፏ ላይ ጭና ወደ ማድቤት ገባች፤ ሳቋ ግን ግቢው ድረስ ይሰማ ነበር።

ስሙን "የጥበብ ምሽት" አልነው። የሚካሄደው ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ሲመሽ መብራት ይሄዳል፣ ባጃጅ ይጠፋል፣ ተማሪው ዶርም ይዘጋበታል። "ታዲያ ምሽት ለምን እንለዋለን?" ብዬ ሜሮንን ብጠይቃት "ምሽት ስሜት ነው ጋሼ" አለችኝ። ተውኳት።

ስለ ገጣሚዎች አንድ ነገር ላውጋችሁ። ገጣሚ ማለት የራሱን ዕቃ ይዞ ገበያ የሚመጣ፣ የጎረቤቱን ዕቃ ግን ዞር ብሎ የማያይ ነጋዴ ነው። የራሱን አንብቦ እንደጨረሰ "አንድ ጉዳይ አለብኝ" ብሎ ውልቅ ይላል። መጀመሪያ ሰሞን አስራ አንድ ሰው ይመጣ ነበር። ከነሱ ውስጥ ሰባቱ አንባቢ፣ ሁለቱ ከዝናብ የሚጠለሉ፣ አንዱ የግቢው ዘበኛ፣ አንዱ ደግሞ እንቅልፉን የሚጨርስ የባጃጅ ሹፌር ናቸው። የመጨረሻው አንባቢ ሲነሳ የሚሰማው ዘበኛውና የተኛው ሰው ብቻ ይሆናል። እኔም በነጋዴ ጭንቅላቴ መላ ዘየድኩ፤ ሻይና ቦንቦሊኖ የሚታደለው መጨረሻ ላይ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ማንም ጉዳይ ኖሮበት አያውቅም።

ከነዚህ ሁሉ መሃል ቦንቦሊኖ የማይጠብቁ አንድ ሰው ነበሩ፤ መምህር በራሶ። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ዲላ ሒሳብ ያስተማሩ፣ የከተማው ግማሽ ሰው ዛሬም ሲያያቸው ሸሚዙን የሚቆልፍላቸው ናቸው። እኔን አላስተማሩኝም፤ ቢያስተምሩኝ ኖሮ ወይ ስድስተኛ ላይ አላቋርጥም፣ ወይ አራተኛ ላይ አቋርጥ ነበር። ከየት ተዛውረው እንደመጡ ማንም በቅጡ አያውቅም። ከብዙ ዓመት በፊት አንዲት ትንሽ ልጅ በእጃቸው ይዘው፣ አንድ ሻንጣ አንጠልጥለው ከአውቶቡስ ወረዱ፤ ያችኑ ልጅ ብቻቸውን አሳድገው፣ አስተምረው፣ ዳሩ።

መምህር በፌስታል የተጠቀለለ ደብተር ይዘው ይመጣሉ። መጀመሪያ ቀን ስማቸው ሲጠራ "ቀጥሉ፣ ቀጥሉ" አሉ። በሁለተኛው ተነሱ፣ ማይክራፎኑ ጋ ደረሱ፣ ሰዉን አዩና ከልማድ የተነሳ "የቤት ሥራ የሠራችሁ?" ብለው እጅ እንዲወጣ ጠበቁ። ሰው ሳቀ፤ ተመልሰው ተቀመጡ። በሦስተኛው ደብተሩን ገልጠው ነበር፤ ግን ከፊት የተቀመጠች ልጅ ስልኳን ትነካካለች፣ ከኋላ ሁለት ገጣሚዎች በቀስታ ይጣላሉ። መምህር ደብተሩን ዘጉ። "ክፍሉ ጸጥ ሲል አነባለሁ" አሉ።

እና ያቺ ቅዳሜ ስትደርስ፣ በዋዜማው ዓርብ ሱቄ መጡ። በወንበሮቼ መሃል ቆሙና፣

"ሰኞ ልጄ ከሀዋሳ መኪና ይዛ ትመጣለች" አሉኝ። "ብቻህን አትሆንም ብላ ልትወስደኝ ነው። የነገው የመጨረሻዬ ነው።"

"እንግዲያው ነገ ያነባሉ መምህር!"

"አንዲት ገጽ ናት። ሀዋሳ ማንም አያውቀኝም፤ እዚህ ካላነበብኳት የትም አላነባት።" ከዚያ ዓይኔን ሳያዩ "ብቻ ጸጥታ ይኑር" አሉ።

"ጸጥታውን ለኔ ይተዉት!" አልኩ። አንድ ገጣሚ እንኳ ዝም ማሰኘት ያልቻልኩ ሰውዬ፣ ደረቴን ነፍቼ ቃል ገባሁ።

ታዲያ በዚያ ሰሞን ፋሲካው አልፎ፣ ረመዳኑም አልፎ፣ አገሩ ሁሉ ይጋባል። ነጩ ድንኳኔ፣ መጋረጃ ያለው፣ ይርጋጨፌ ሰርግ ሄዷል። ወንበሮቼም አብረው ሄደዋል። ቅዳሜ ጠዋት ሰማዩ ጠቁሮ ሳይ የቀረኝን ቆጠርኩ፤ የእንጨት አግዳሚዎችና ቡናማው ሸራ ድንኳን። ቡናማውን ድንኳን ዲላ ውስጥ የማያውቀው የለም። እኔ ግን ያኔ የማስበው ስለ ዝናቡና ስለ መምህር ደብተር ብቻ ነበር። ገበያ ውስጥ የድምፅ ማጉያ ባትሪ ስፈልግ ሳለሁ፣ ድንኳን የሚተክሉልኝ ሰዎች አለቃ ለሆነው ለዱካሞ ደወልኩ።

"ዱካሞ፣ ቡናማውን ድንኳን ደጄ ላይ ትከሉልኝ። ግቢው ጭቃ ሆኗል።"

ከወዲያ ለሠራተኞቹ "ሥራ አቁሙ" ሲል ሰማሁት።

"ሰማኸኝ?"

"ሰማሁ ጋሼ" አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። "በርታ። አይዞህ።"

"ምን አይዞህ አለው፣ ፍጠኑ እንጂ! ሰው ይመጣል!"

"እሺ። እሺ ጋሼ። እናውቃለን እኛ፣ አንተ አታስብ።"

ዛሬ ሳስበው ያ "አይዞህ" ሊያነቃኝ ይገባ ነበር። ግን ድንኳን ተካይ የሚያዝንልህ ሸራው ሲከብደው ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን የአገሬን ሰው ጠባይ ለማታውቁ ልንገራችሁ። ሰው በር ላይ ያ ቡናማ የለቅሶ ድንኳን ተተክሎ ያየ ሰው ቆሞ "ማን ሞተ?" አይልም። ነውር ነው። ጎረቤት ሆነህ ሳትሰማ ቀረህ ማለት ነዋ! መጀመሪያ ፊትህን ታጠቁራለህ፣ ትገባለህ፣ ትቀመጣለህ። ስሙን ቀስ ብለህ ከጎንህ ካለው ትሰማለህ። ከጎንህ ያለውም ካላወቀ አለማወቁን ስለሚያፍርበት "እንዲያው ነው እንጂ ምን ይባላል" ብሎ ራሱን ይነቀንቃል። አንተም ትነቀንቃለህ። አንድ ሙሉ ሰፈር እንዲህ ራሱን እየነቀነቀ ሊውል ይችላል። ዋለም።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ባትሪውን ተሸክሜ ደረስኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ድንኳኑ ጢም ብሎ ሞልቷል። አግዳሚው አልበቃ ብሎ ሰው ከጎረቤት ዱካ እያወጣ ነው። ሽማግሌዎች ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል፤ የእኔ ወገኖች ሻርፓቸውን ሰብሰብ አድርገዋል። የቡና መጋዘን ለቃሚዎች እጃቸውን ሳይታጠቡ መጥተዋል። ስልኩን የሚነካካ አንድ ሰው የለም! የሚያወራ አንድ ሰው የለም!

ምን አሰብኩ መሰላችሁ? የለጠፍነው ማስታወቂያ ሠራ ብዬ አሰብኩ። ዓይኔ እንባ አቀረረ። "አቤት ዲላ!" አልኩ በሆዴ። "ሥነ ጽሑፍን እንዲህ ታከብሪ ኖሯል!"

ሜሮን ሮጣ መጣች። "ጋሼ! ይታይሃል? ይታይሃል?"

"ይታየኛል ልጄ።"

አንድ የማላውቃቸው አዛውንት እጄን በሁለት እጃቸው ጨብጠው "አላህ ያጽናህ" አሉኝ። "አሚን" አልኩ። እንዴት ያለ አስተዋይ ሰው ነው አልኩ፤ ገጣሚ ማስተናገድ ጽናት እንደሚጠይቅ ገብቷቸዋል ብዬ! ሌላው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ "ያለ ነው፣ ሁላችንም ላይ ያለ ነው" አለኝ። እሱም ይጽፋል ማለት ነው አልኩ።

ፕሮግራሙን ከፈትን። የመጀመሪያው አንባቢ አንድ የእርሻ ተማሪ ነው፤ ዘወትር የሚያነበው ስልኳን ስለማታነሳለት ስለዚያችው ልጅ ነው። "ደወልኩልሽ፣ አላነሳሽም፤ ደግሜ ደወልኩ፣ ዝግ ነው አለኝ" ይላል ግጥሙ። በሌላ ጊዜ ሰው ይስቅበታል። ያን ቀን ግን ከሴቶቹ መሃል አንዲት እናት "ወይኔ ልጄን! ደውሎ ደውሎ አላነሳ ስትለው!" ብለው ደረታቸውን መቱ። ከጎናቸው ያሉት ተከተሉ። ልጁ ክው አለ። ግጥሙን ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም፤ ሁለት ሴቶች ተነስተው አቀፉት። ተቀምጦ ሲያለቅስ አየሁት፤ ከዚያ በፊት ግጥሙ ማንንም አስለቅሶለት አያውቅማ።

ሜሮን ቀጠለች። የእሷ ግጥም ፈጣን ነው፣ በእጅና በእግር ነው የምታነበው፣ ግማሹ የአዲስ አበባ አራዳ ቋንቋ ነው። ሰዉ በአዘኔታ ነው ያያት። "ሐዘኑ ጭንቅላቷን ነክቷት ነው፣ ውኃ ስጧት" ሲባል ከኋላ ሰማሁ። እውነትም ውኃ ሰጧት። በእውነት ነው የምላችሁ፣ ያኔ ትንሽ ጠረጠርኩ።

የጠረጠርኩትን ታላቅ እህቴ ዘይቱና አረጋገጠችልኝ። ዘይቱና የምትኖረው ገደብ ከተማ ነው። አንድ የጭነት ሹፌር ጠዋት በደጄ ሲያልፍ ድንኳኑን አይቶ ደውሎላት ኖሯል፤ እሷም አውቶቡስ ላይ ተሳፍራ መንገዱን ሙሉ አልቅሳ መጥታለች። ድንኳኑ ውስጥ "ወንድሜን! ወንድሜን!" እያለች ገባች። ፊት ለፊት ማይክራፎን ይዤ ቆሜ አየችኝ። ጮኸች፣ ተጠመጠመችብኝ፣ ሰዉም አብሯት አለቀሰ። ጆሮዬ ውስጥ ግን በቀስታ፣

"አንተ፣ አለህ እንዴ?" አለችኝ።

"አለሁ እቴ።"

"ሰሚራስ?"

ከጠዋት ጀምሮ ማድቤት ሻይ ስታፈላ የዋለችው ሰሚራ በዚያው ቅጽበት ትልቁን የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ብቅ አለች።

"ልጆቹስ?"

"ደህና ናቸው።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"ማንም አይደለም እቴ። ግጥም ነው።"

"ምን?"

"ግጥም እያነበብን ነው።"

ክንዴን ቆነጠጠችኝ። የታላቅ እህት ቁንጥጫ ዕድሜ አይቆጥርም። ከዚያ ሻርፓዋን አስተካክላ ከሴቶቹ መሃል ተቀመጠች፤ ከገደብ ድረስ አልቅሶ መጥቶ ዝም ብሎ መመለስ የለማ።

አሁን ሁሉም ነገር ገባኝ። ማንም ሳይሞት የለቅሶ ድንኳን መትከል በእኛ ዘንድ ቀልድ አይደለም፤ ሞትን ስሙን ጠርቶ ቤት መጋበዝ ነው። ሰው ይረግመኛል። ሁለተኛ ማን ድንኳኔን በደጁ ያቆማል? ሰሚራ ማንቆርቆሪያውን አስቀምጣ "ሂድና ንገራቸው" አለችኝ፣ በጥርሷ መሃል። ልሄድ ስል ግን መምህር በራሶ ከጥግ መጥተው እጅጌዬን ያዙኝ። ፌስታሉ ወልቋል። ደብተሩ እጃቸው ላይ ነው።

"እንዲህ ጸጥ ያለ ክፍል" አሉኝ፣ "ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ አይቼ አላውቅም። ቃልህን ጠበቅህ። ዛሬ ማንበብ እችላለሁ።"

ምን ልበላቸው? ብናገር ሰው ተነስቶ ይበተናል፣ እኔ ላይ ይጮሃል፣ ደብተሩ ፌስታሉ ውስጥ ተመልሶ ሰኞ ሀዋሳ ይገባል። ዝም ብል ደግሞ መቶ ሰው እያታለልኩ ነው። ነጋዴ ነኝ፣ መዋሸት አልችልም አልላችሁም፤ ግን እንዲህ ያለ ትልቅ ዕቃ በውሸት ሸጬ አላውቅም። በመጨረሻ ወደ ጋሽ ጅግሶ ሄድኩ። የሰፈራችን የዕድር ሊቀመንበር ናቸው፤ ከፊት ተቀምጠዋል፣ ዱላቸው በጉልበታቸው መሃል ቆሟል። ጎንበስ ብዬ በጆሯቸው፣

"ጋሽ ጅግሶ፣ ማንም አልሞተም" አልኳቸው።

አልዞሩም። "ማንም?"

"ማንም።"

"ድንኳኑስ?"

"ዝናብ ፈርቼ ነው።"

"ሰዉስ?"

"ለግጥም የመጣ መስሎኝ ነበር።"

ያኔ ዞር ብለው አዩኝ። "ለግጥም" አሉ። "ይሄ ሁሉ ሰው፣ በዚህ ደመና፣ ለግጥም።" ከዚያ ትንፋሻቸውን ለቀቁ። "ዕድርተኛውን በስልክ የጠራሁት እኔ ነኝ። የጠራ ሰው ነው የሚያሰናብት። ዞር በል።"

ዱላቸውን ተደግፈው መነሳት ጀመሩ። በለቅሶ ቤት ሽማግሌ ሲነሳ በነበረው ዝምታ ላይ ሌላ ዝምታ ይጨመራል። ሕፃን እንኳ ዝም አለ። የሸራው ገመድ ሲንቋቋ ይሰማል። ታዲያ መምህር በራሶ ያ ዝምታ ለእሳቸው መሰላቸው። ብድግ ብለው ወደ ማይክራፎኑ መጡ። ጋሽ ጅግሶ ግማሽ እንደተነሱ፣ ጎብጠው ቀሩ።

ላስቆማቸው ይገባኝ ነበር። ግን እጄ ማይክራፎኑን ሲያቀብላቸው አየሁት።

መምህር መነጽራቸውን አደረጉ። የቤት ሥራ አልጠየቁም። በዚያ በሰሌዳ ፊት ድምፃቸው አነበቡ፤

ድንኳን አልተከልኩም፣ ሰው አልጠራሁልሽ፣
ልጅሽን አዝዬ፣ አፈር መለስኩብሽ።
በነጋታው ጠዋት፣ ጠመኔዬን ይዤ፣
ሰሌዳው ፊት ቆምኩኝ፣ እንደ ሐውልት ፈዝዤ።
የት ናት ያለኝ የለም፣ ሰው ይሉኝታ ይዞት፣
እኔም አልተነፈስኩ፣ አፌን ሐዘን አስሮት።

ገጹ ይቀጥላል፤ እኔ ያስቀረሁት ይህን ብቻ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ደብተሩን ዘጉ። ለመቀመጥ ዞር አሉና መልሰው ወደ ማይክራፎኑ ቀረቡ።

"ስሟ ብርቄ ነበር" አሉ። "የልጄ እናት ናት። በረሃ ላይ ሳስተምር በወባ ሞተችብኝ። ዘመድ ሩቅ ነበር። በሳምንቱ ወደዚህ አዛወሩኝ። እዚህ ማንም አልጠየቀኝም፣ እኔም ለማንም አልተናገርኩም።"

እስቲ አስቡት። መቶ ሰው ከጠዋት ጀምሮ አንድ ስም ይጠብቃል። ለመጠየቅ አፍሮ፣ ከጎኑ ያለውን ሰርቆ እያየ፣ ራሱን እየነቀነቀ ይጠብቃል። አሁን ስሙ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ "ብርቄ" የሚል ትንፋሽ ከአግዳሚ ወደ አግዳሚ ሲያልፍ በዓይኔ አየሁት ብል አትመኑኝም። ቅድም ስለ ስልኩ ያለቀሱት እናት ተነሱ። "ብርቄ! እኛ ሳንሰማ! እኛ ሳንቀብርሽ!" አሉ። ከዚያ ድንኳኑ ፈነዳ። ብዙ የለቅሶ ድንኳን ተክያለሁ፤ ሰው ለወጉ ሲያለቅስና ከአንጀቱ ሲያለቅስ ለይቼ አውቃለሁ። ያ የአንጀት ነበር። ከስንት ዓመት በኋላ፣ ማንም ላላያት ሴት!

ሰዉ ተሰለፈ። የቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ዛሬ ሸበቶ የሆኑ፣ አንድ በአንድ ጎንበስ እያሉ "እግዜር ያጽናዎ መምህር" ይሏቸዋል። የኔ ወገኖች "አላህ ያጽናዎት" ይላሉ። ሁለቱንም እጃቸውን ሰው ስለያዘባቸው መምህር ደብተሩን ብብታቸው ውስጥ ወትፈውታል። "አሜን፣ አሜን" ይላሉ፤ እንባቸው ይወርዳል፣ አይጠርጉትም፤ በምን እጃቸው? ሜሮን ሣሩ ላይ ቁጭ ብላለች። "ጋሼ" አለችኝ፣ "ይሄ..." ቃል አጣች። ሜሮን ቃል ስታጣ ያን ቀን ብቻ ነው ያየሁት።

ጋሽ ጅግሶ ከጎኔ መጥተው ቆሙ።

"ማንም አልሞተም አላልከኝም?"

"አላወቅሁም ነበር ጋሽ ጅግሶ።"

"አልጠየቅህማ" አሉኝ። ሰልፉን ትንሽ አዩ። "እኔም አልጠየቅሁም። ስንት ዓመት የዕድራችን አባል ናቸው። አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም። የሁሉንም ሬሳ ተሸክመዋል።" አፍንጫቸውን በመሐረብ ጠረጉ። ከዚያ ዞረው እንደ ሊቀመንበር ተናገሩ፤ "ድንኳኑ አይነቀልም። ሦስት ቀን ይቆማል። ደንቡ ነው።"

ዝናቡም ያኔ መጣ። ከዝናቡ የተነሳ አንድ ሰው አልሄደም።

ሰኞ ልጃቸው መኪና ይዛ ደረሰች። ቤታቸው ብታንኳኳ የለም፤ ሰዎች ወደ እኔ በር መሯት። ድንኳኑን ስታይ ከመኪናው እየጮኸች ወረደች፤ አባቷ የሞቱ መስሏት ነዋ! አባቷ ግን ከሽማግሌዎቹ መሃል ቁጭ ብለዋል። ማንነቷን ያወቁ ሴቶች ከበቧት፣ አቀፏት፣ "ስለ እናትሽ እግዜር ያጽናሽ" አሏት። ዕድሜዋን ሙሉ "እናትሽስ?" ያላት ሰው አልነበረም፤ እሷም አባቷን ጠይቃ አታውቅም። በስተርጅና ዓይናፋር የሆኑት መምህር ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት። እሷም ተቀመጠች፣ ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። "ምን ትመስል ነበር?" ስትላቸው ሰማሁ። መምህር ማውራት ጀመሩ፤ እኚያ ዝምተኛ ሰው እስኪመሽ አልጨረሱም። የዕቃ መጫኛው መኪና ሁለት ቀን ደጄ ላይ ቆመ። ሹፌሩም አልተቆጣም፤ እሱም ከሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበር።

ረቡዕ ሀዋሳ ሄዱ። ደብተሩን ይዘው እንደሆነ ስሸኛቸው ጠየቅኳቸው። "ገና የምጽፍበት ገጽ ብዙ ነው፤ ሀዋሳ ማን ቁጭ ብሎ ይሰማኛል?" አሉኝ። "እመጣለሁ።"

እኔም ድንኳኑን ነቅዬ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። በሳምንቱ አንድ የመናኸሪያ ተራ አስከባሪ ሱቄ መጣ፤ ቀኑን ሙሉ "ጨለለቅቱ! ጨለለቅቱ!" እያለ ተሳፋሪ ሲጠራ ድምፁ የሻከረ ወጠምሻ። ዓይኑን ወንበሮቼ ላይ ተክሎ፣ ለወንድሙ የጻፈው ነገር እንዳለ፣ ወንድሙ የሞተው ሌላ አገር ስለሆነ ያኔ ምንም እንዳልተደረገ ነገረኝ። ከሱ በኋላ ከዱመርሶ አንዲት ሴት መጣች። ማንበብ አትችልም፤ "በቃሌ ነው የያዝኩት" አለችኝ። ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ሜሮን ስማቸውን መዝግባ መዝግባ ወረቀቱን ሞላችው።

በቀጠሮው ቅዳሜ ነጩ ድንኳን ሥራ ፈቶ ነበር። ግን ቡናማውን አስተከልኩ። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ አግዳሚው ሞላ፤ ጋሽ ጅግሶ ከፊት፣ ዘይቱና ከገደብ፣ መምህር በራሶ ከሀዋሳ። ማንም ማንንም አልጠየቀም። እኔም ማይክራፎኑን ከፍቼ፣ ጫማዬን አራግፌ፣ እንደ ሌላው ሰው ማን እንደሞተ ለመስማት ተቀመጥኩ።